ሁለት ቃል የነበረው ውል

ባለፈው ላንጋኖ ዳር በነበረን የወጣቶች ቆይታ ለቡድን ጥናት የያዝነው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነበር። ከአዳማ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ ስለ ተሰበሰብን በአንዱ ቡድን አማርኛ፣ በሌላው አፋን ኦሮሞ ይነገራል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይተረጉማል፣ የቀረነው እናዳምጣለን። በጥናቱ መካከል “ዱፕሊሲቲ” የሚል ቃል መጣ። ተርጓሚያችን ጥቂት አሰበና “ውሸት” ብሎ አለፈው። ማንም አልጠየቀም፤ ምሳ ደርሶ ነበር።

ትርጉሙ ሐሰት ነው ማለት ይከብዳል። ልክ ነው ማለት ግን የበለጠ ይከብዳል። ይህ ቃል ከውሸት የሚለይበት ነገር አለው፤ ልዩነቱም በአገራችን ታሪክ ውስጥ በብዙ ሺህ ሰው ሕይወት የተከፈለበት ነው።

ቃሉን መጀመሪያ እንፍታው። የመጣው “ዱፕሌክስ” ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ሁለት እጥፍ፣ ድርብ ማለት ነው። ወንድሙን ታውቁታላችሁ። በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት የፈተናና የመዝሙር ወረቀት ይባዛበት የነበረው “ዱፕሊኬተር” ከዚያው ቤት ነው። ሩቅ ዘመዱ ደግሞ “ዲፕሎማ” ነው፤ በግሪክኛ ለሁለት የታጠፈ ደብዳቤ ማለት ነበር። መንግሥታት እርስ በርስ የሚጻጻፉበት ሥራ “ዲፕሎማሲ” የተባለውም ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ተነሥቶ ነው። ዲፕሎማሲና ዱፕሊሲቲ በሥራቸው ይዘማመዱ እንደሆነ ለጊዜው እንተወው፤ በስማቸው ግን የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ቃል በማንኛውም ውሸት ላይ አያውሉትም። ስኳር ሰርቆ ልሶ “አልበላሁም” የሚል ልጅ ዋሸ እንጂ በዚህ ቃል አይከሰስም። ቃሉ የሚመጣው አንድ ሰው ለአንዱ አንድ ፊት፣ ለሌላው ሌላ ፊት ሲያሳይና ሁለቱ ሰዎች እንዳይገናኙ ሲጠነቀቅ ነው። ለሁለት መንግሥት የሚሠራ ሰላይ፣ ሁለት ቤት የያዘ ባል፣ ለገበሬው አንድ ተስፋ ለነጋዴው ደግሞ ተቃራኒውን የሰጠ ባለ ሥልጣን ሊባልበት ይችላል። ለውሸት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ለዚህኛው ሁለት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ሲመረመር ምንም ላይገኝበት ይችላል፤ ጥፋቱ የሚታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። (በእንግሊዝ ሕግ አንድ የክስ ነጥብ ሁለት ወንጀል አጣምሮ ከያዘ ይኸው ቃል ይጠራል። እዚያ ላይ ማንም አልዋሸም፤ ክሱ ተደራረበ ለማለት ብቻ ነው።)

አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። ቅጥፈት አለን፣ ሽንገላ አለን፣ ሸፍጥና ደባ አለን። ለዚህኛው ግን የሚቀርበው በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ነው፤ ወይም መንታ ምላስ ያለው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 3 ስለ ዲያቆናት ሲናገር ንግግራቸው ሁለት እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። በዚያ ቦታ ያለው የግሪክ ቃል “ዲሎጎስ” ነው፤ “ዲ” ሁለት፣ “ሎጎስ” ቃል። በቤተ ክርስቲያን ገንዘብና እህል በእጁ የሚያልፍ፣ ከቤት ቤት የሚዞር አገልጋይ የሚፈተነው በዚህ መሆኑን ጳውሎስ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ወሎ እንሂድ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ውጫሌ የምትባል ከተማ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ፣ ንጉሥ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ምኒልክ ዙፋኑን ለማጽናት የመሣሪያና የወዳጅ መንግሥት ፍላጎት ነበራቸው፤ ኢጣልያ ደግሞ ምጽዋን ከያዘች አራት ዓመት ሆኗት ወደ ደጋው ለመውጣት ትመለከት ነበር። በኢጣልያ ስም የፈረመው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ነው። ሸዋ ውስጥ ለዓመታት የኖረ፣ ቤተ መንግሥቱን የለመደ፣ አማርኛ የማይቸግረው ሰው ነበር። ለንጉሡ ያስተረጉም የነበረው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነው።

ውሉ 20 አንቀጾች አሉት። አብዛኛው ስለ ንግድ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ መሣሪያ ማሳለፍ ነው። የምንፈልገው 17ኛውን ነው። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ “ይቻላቸዋል” ይላል። ይህ ፈቃድ ነው። ጎረቤታችሁ “ስልክ ካስፈለገህ በእኔ መደወል ትችላለህ” ቢላችሁ ስልካችሁን ጣሉ አላላችሁም።

የኢጣልያንኛው ምን ይላል? ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የሰማነው “ግዴታ አለባቸው” ይላል ተብሎ ነው። በትክክል እንደዚያ አይልም፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ጽሑፍ ያለው ግሥ “ኮንሴንቴ” ነው፤ ይስማማሉ፣ ይፈቅዳሉ ማለት ነው። ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚፈረምበት “ኮንሰንት” የሚባለው ቅጽ ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ የኢጣልያንኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ሁሉ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ለመሥራት “ይስማማሉ” ይላል። ቃሉ ለስላሳ ነው፤ ማስገደድ የሚባል ነገር ላዩ ላይ አይታይም። ነገር ግን ከተስማሙ በኋላ በሌላ በር መውጣት ውል ማፍረስ ይሆናል። ጎረቤታችሁ “ከእንግዲህ ለምትደውለው ሁሉ በእኔ ስልክ ለመደወል ተስማምተሃል” እንዳላችሁ ቁጠሩት።

በአንድ ግሥ አገር ሊሄድ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን 17ኛው አንቀጽ አይደለም፤ ከእርሱ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ያለው 19ኛው ነው። 19ኛው አንቀጽ ውሉ በኢጣልያንኛና በአማርኛ መጻፉን፣ ሁለቱ ጽሑፎች በፍጹም እንደሚስማሙ፣ ሁለቱም እኩል የጸኑ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ስምምነታቸውን የሚመሰክር አንቀጽ ያለበት ውል ነው ያልተስማማው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። የንጉሡ የአክስት ልጅ ደጃዝማች መኮንን (ኋላ ራስ መኮንን) ወደ ኢጣልያ ተልከው መስከረም 1882 ዓ.ም. ናፖሊ ላይ ተጨማሪ ውል ፈረሙ፤ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተገኘ። ጥቅምት 2 ቀን፣ መኮንን ገና ከኢጣልያ ሳይመለሱ፣ የኢጣልያ መንግሥት 17ኛውን አንቀጽ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ይህን ያደረገው በበርሊን ጉባኤ ስምምነት 34ኛ አንቀጽ መሠረት ነው። ያ አንቀጽ በአፍሪካ ላይ ጥበቃዬን ዘረጋሁ የሚል መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ በአውሮፓ ጽሕፈት ቤቶች ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ያለች አገር ሆና ተመዘገበች። እዚህ ግን ማንም አልሰማም።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በታኅሣሥም ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ በራሳቸው ደብዳቤ አስታወቁ። ይህን ልብ በሉት። በኢጣልያ በኩል ብቻ ለመላላክ ተስማምቻለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው በቀጥታ አይጽፍም። ምኒልክ በአማርኛው ውል የተረዱትን ነው ያደረጉት፤ “ይቻላቸዋል” ተብለዋል፣ አላስፈለጋቸውም፣ አልተጠቀሙበትም። ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የመጣው መልስ ግን በጨዋ አነጋገር ሌላ ነገር ይዞ ነበር፤ ጉዳዩ በወዳጃችን በኢጣልያ መንግሥት በኩል የሚሄድ ነው የሚል። የጀርመኑም ከዚያ የተለየ አልነበረም። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን የተቀመጡት ያን ጊዜ ነው፤ ያስቀመጧቸውም ተዋዋዮቹ ሳይሆኑ የሦስተኛ ወገን የፖስታ መልስ ነው።

ዐፄ ምኒልክ መስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጽፈው የአማርኛውና የኢጣልያንኛው እንደማይገጥሙ፣ እርሳቸው በወዳጅነት የተቀበሉት ፈቃድ እንጂ ግዴታ እንዳልሆነ አስታወቁ። ጥፋቱ የአስተርጓሚው ነው የሚል ክርክር ከኢጣልያ ወገን ተነሣ። አስተርጓሚ ሆኖ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ መካከል የቆመው ይመታል።

ክፋት ነበር ወይስ ስህተት? ምሁራን በዚህ ተከራክረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን እ.አ.አ. በ1964 ባወጡት ጥናት ጽሑፎቹን አነጻጽረው አንቶኔሊ ልዩነቱን አውቆ እንደሠራ ተከራከሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኢጣልያዊው የታሪክ ምሁር ካርሎ ጂሊዮ መልሰው አንቶኔሊን ተከላከሉ። የሩበንሰን ክርክር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ አማርኛ የሚያውቅ ዲፕሎማት ከውሉ ሁሉ ዋነኛ በሆነው አንቀጽ ላይ “ይቻላቸዋል” የሚለውን ሳያይ አለፈ ማለት ይከብዳል።

ነገር ግን የአንቶኔሊን ልብ ትተን ለጊዜው ስህተት ነበር እንበል። የምኒልክ ደብዳቤ ሮም ከደረሰ በኋላስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢጣልያ መንግሥት ሁለት ቃል እንዳለ ያውቃል። አውቆም የሚጠቅመውን ይዞ ቀጠለ፤ ካርታ ተሳለበት፣ በሌሎች መንግሥታት ፊት ተከራከረበት። የእንግሊዝኛውን ቃል ሙሉ ትርጉም የማገኘው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቃል በስህተት ሊወለድ ይችላል። ዱፕሊሲቲ የሚሆነው ከታወቀ በኋላ ሳይታረም ሲቀር፣ ያወቀው ሰውም “እኔ የያዝኩት ጽሑፍ እንዲህ ነው የሚለው” እያለ ሲምልበት ነው። መሐላውም ሐሰት አይሆንም፤ በእርግጥም ያ ጽሑፍ እንደዚያ ይላል።

አንቶኔሊ ነገሩን ለማብረድ ተመልሶ መጣ። እቴጌ ጣይቱ አንቀጹ እንዲቀር አጥብቀው ተከራከሩ። ከዚያ የተከተለው በየአደባባዩ ብዙ የማይተረክ ነው። ጥር 1883 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አዲስ ስምምነት ተፈረመ። አንቶኔሊ አንቀጹ ባለበት የጸና መስሎት ነበር፤ የአማርኛው ጽሑፍ ሲመረመር ግን 17ኛው አንቀጽ መሰረዙን ይናገር ነበር። ይህን ያወቀው ከፈረመ በኋላ ነው። ተቆጥቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከአገር ወጣ።

ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። ለእርሱ ይገባዋል እንላለን። በ1881ዱ የምንቆጣበትን ነገር በ1883ቱ እንደ ብልሃት ከቆጠርነው ግን የጠላነው ሁለት ቃልን ሳይሆን መሸነፍን ይሆናል። አገሩን ከጥበቃ ቀንበር ለማዳን የሚታገል ንጉሥና ቀንበሩን የሚጭን መንግሥት አንድ አይደሉም፤ ሚዛኑ እኩል ነው አልልም። ነገር ግን የኢትዮጵያን ጉዳይ በመጨረሻ ያቀናው የጥሩ ጽሑፍ አልነበረም።

ያቀናው ግልጽ መንገድ ነው። የውጫሌ ውል በ16ኛው አንቀጹ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ተሰጥቶ፣ እንዲሻሻል ይፈቅድ ነበር። ምኒልክ የካቲት 1885 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በግልጽ ጽፈው ጊዜው ሲደርስ ውሉ እንደማይጸና አስታወቁ። የተበደሩትንም ገንዘብ መለሱ። የኢጣልያን ጥይት ይዞ፣ የኢጣልያን ገንዘብ ይዞ ውል ማፍረስ ይቻል ነበር፤ ያን ቢያደርጉ ግን ሌላ ሁለት ቃል ይሆን ነበር። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተራሮች ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን አለቁ። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ለዘለዓለም ተሻረ፤ ኢጣልያም የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችሁ እሑድ ጠዋት ከሰባኪው ጎን ቆማችሁ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወይም ከዚያ ወደዚህ ታስተረጉማላችሁ። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ባሉ አጥቢያዎች ይህ ተራ ነገር ስለሆነ ክብደቱ አይታየንም። ከፊታችሁ የተቀመጡት እናት ሰባኪው ያለውን የሚያውቁት በእናንተ አፍ ብቻ ነው። ሰባኪው ወጣቶችን ሲገሥጽ አለስልሳችሁ ታልፋላችሁ፤ ጓደኞቻችሁ ናቸውና። ማስታወቂያ ተናጋሪው “ለላንጋኖው ቆይታ የቻለ ያዋጣ” ይላል፤ አስተርጓሚው “ሁላችሁም ታዋጣላችሁ” ይላል። ለመልካም ሥራ ነው ብሎ ነው፤ ክፋት የለበትም። ከ“ይቻላቸዋል” ወደ “ይስማማሉ” የተሄደው ግን ከዚህ የሚበልጥ ርቀት አይደለም። አንዳንዴም ስህተቱን ከመድረክ ከወረዳችሁ በኋላ ታውቁታላችሁ። ያኔ ማይክሮፎኑ ሌላ ሰው እጅ ነው፤ ማንም አላስተዋለም፤ እርማቱም ያሳፍራል።

ኢጣልያኖች በያዟት በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ የምትባል መንደር ነበረች። የውጫሌው ውል ሲፈረምና ሲያጨቃጭቅ በነበሩት በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ጣቢያ፣ ሁለት ሰዎች በሌላ ትርጉም ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው፤ ከኢሉባቦር በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ። ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናት፤ እርስዋም በባርነት ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ ተይዛ የዳነች። መርከቢቱን ያስቆሙት፣ ታሪክ እንዲህ ነውና፣ ኢጣልያኖች ነበሩ።

ኦኔሲሞስ ከአገሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ ስለሆነ የአፋን ኦሮሞው ሀብት በእጁ ሙሉ አልነበረም። ይህን ሸፍኖ በሚያውቀው ቃል ብቻ መቀጠል ይችል ነበር፤ በጊዜው የሚያርመው አንባቢ አልነበረም። እርሱ ግን ቋንቋውን አሟልታ ከምታውቀው ወጣት ጋር ሠራ። አስቴር የቃላት መዝገብ አሰናዳች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ በመጽሐፉ የሚገባው ሰው በቤቱ የሚናገረው ቃል እንዲሆን።

የአፋን ኦሮሞው አዲስ ኪዳን እምኩሉ ላይ የታተመው እ.አ.አ. በ1893 ነው፤ ዐፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል መሻራቸውን ባሳወቁበት ዓመት። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በተባለው ስፍራ ታተመ። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.አ.አ. በ1840፣ በዚያው ፊደል ታትሞ ወጥቶ ነበር። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅና ፊደል የቆጠረ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቁጥር በቁጥር ማመሳከር ይችል ነበር።